ቦርጭ የሚያጠፋ ቅጠል አለ?

ምናልባት በእርስዎም ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ፎጣዎች ኋላ፣ ግማሹ ያለቀ አንድ ብልቃጥ ተቀምጦ ይሆናል። በላዩ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበታል፤ «ከተፈጥሮ የተገኘ»፣ «ያለ ስፖርት»፣ «በ30 ቀን» የሚሉ ቃላትም አሉበት። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣ፣ አለዚያም በስልክ ታዝዞ በሞተር ሳይክል የተላከ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን የትዳር ጓደኛዎ አያውቁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚዛን ላይ ወጥተው ለውጥ ሲያጡ፣ ወይም ልብዎ ያለ ልክ ሲመታብዎ፣ ብልቃጡን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ትተውታል።

ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ክብደት ለመቀነስ መፈለግ መልካም ነው፤ ለብዙዎቻችንም አስፈላጊ ነው። የብልቃጡ ሻጭም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከባዶ አልተነሣም። በበርበሬ፣ በእርድ፣ በሻይ ቅጠል፣ በአብሽና በገብስ ውስጥ፣ ሰውነታችን ስብና ስኳርን በሚይዝበት መንገድ ላይ የሚሠሩ ንጥረ ነገሮች በእርግጥ አሉ። ተመራማሪዎች ስማቸውን ያውቃሉ፤ መጠናቸውንም ለክተዋል። ታዲያ ምን ያህል ይሠራሉ? በምን መልክ ስንወስዳቸው ነው የሚጠቅሙን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው ብልቃጡ ላይ ያልተጻፉት።

«ተመችቶሃል»

በአገራችን አንድን ሰው «ወፈርክ» ማለት ለረጅም ጊዜ ሙገሳ ሆኖ ኖሯል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተገናኘ ዘመድ ጉንጭዎን አይቶ «ተመችቶሃል!» ይላል፤ እርስዎም አመስግነው ያልፋሉ። ረኀብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ እንዲህ ማለቱ አያስገርምም። አሁንም ቢሆን የቀጠነው ወገናችን ከወፈረው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 3 በመቶ ብቻ የነበሩት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች በ2016 ወደ 8 በመቶ ከፍ ብለዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የከተማ ነዋሪዎች ናቸው። በዓለም ደረጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከ8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት።

ለመሆኑ «ከመጠን ያለፈ» የሚባለው ስንት ሲሆን ነው? ክብደትዎን በኪሎ ይውሰዱና በቁመትዎ ያካፍሉት፤ ቁመቱ የሚለካው በሜትር ነው። የተገኘውን እንደገና በቁመትዎ ያካፍሉት። ውጤቱ ከ25 በላይ ከሆነ ክብደትዎ ከልክ አልፏል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ሐኪሞች ውፍረት የሚሉት ደረጃ ላይ ነዎት። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ሆኖ 82 ኪሎ የምትመዝን እህት 30ን አልፋለች። ከዚህም ይልቅ ቀላል የሆነው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ወገብዎን ይለኩ። ሴት ከሆኑ ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ወንድ ከሆኑ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለፉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 88ን እና 102ን ማለፉ ደግሞ ነገሩ መክበዱን ያሳያል። ቦርጩን የኑሮ መሻሻል ምልክት አድርጎ በኩራት ደገፍ የሚያደርግ ወንድማችን ይህን ሜትር አንድ ጊዜ ቢጠቀምበት ጥሩ ነው።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም

ቀድሞ የሰውነት ስብ እንደ ጎተራ ይታይ ነበር፤ ትርፍ ሲገባ ይሞላል፣ ሲጠፋ ይጎድላል ተብሎ። ይህ አስተሳሰብ በ1990ዎቹ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ከመጠን በላይ የወፈረ ሰውነት ስብ ብግነት የሚቀሰቅስ ኬሚካል እንደሚያመነጭ አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን ከስብ ተነሥቶ ወደ አንጎል በመሄድ «በቂ ስንቅ አለ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነው። በወፈረ ሰው ደም ውስጥ መልእክተኛው ብዙ ነው፤ አንጎል ግን መስማቱን ይቀንሳል። በሆድ ዕቃ መካከል የሚከማቸው ስብ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጉበትን ያጨናንቃል፤ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል፤ በጊዜ ብዛትም የስኳርና የደም ግፊት በሽታዎችን ይጋብዛል።

ይህን ማወቅ አንደበታችንን ሊያርመው ይገባል። የወፈረን ሰው «ሆዳም» ማለት፣ ከዚያም አልፎ ራስን ያለመግዛት ኃጢአት ነው ብሎ በአደባባይ መገሠጽ በቤተ ክርስቲያኖቻችን እንግዳ አይደለም። ውፍረት ግን በዘር ይወረሳል፤ በእንቅልፍ እጦት፣ በጭንቀት፣ በአንዳንድ መድኃኒቶች፣ በእንቅርት ዕጢ መድከምና በሌላም ይመጣል። በስላቅ የቆሰለች እህት የምትሮጠው ወደ ሐኪም አይደለም፤ በድብቅ ወደ ብልቃጡ ነው።

በርበሬው፣ ሻዩና እርዱ

አሁን ወደ ዕፅዋቱ እንምጣ። ከራሳችን ጓዳ እንጀምርና በርበሬን እንይ። የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ምላሳችን ላይ እውነተኛ እሳት የለም፤ ካፕሳይሲን የሚነካው ሰውነታችን ትኩሳትን የሚያውቅበትን መቀበያ ነው። ይህን መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ነው፤ እርሱም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። መቀበያው ሲነካ ሰውነት «ሞቀኝ» ብሎ ያልበዋል፤ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበትም ያቃጥላል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ይህን በቀን ወደ 50 ካሎሪ ገምተውታል።

50 ካሎሪ ጥሩ ነው። ነገር ግን በርበሬው ብቻውን ድስት ውስጥ አይገባም። አንድ ሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል። ለአንድ ድስት ቁሌት የሚፈሰው ዘይትና ቅቤ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ደግሞ የወጥ ቤቱ ባለቤት ያውቃል። በርበሬው የሚያቃጥለው አብሮት ከመጣው ግማሽ ማንኪያ ዘይት እንኳ አይተርፍም ማለት ነው። የእኛን ወጥ እየበላን የምንወፍረው በርበሬው ስላልሠራ ሳይሆን ጎረቤቱ ስለበረታበት ነው!

አረንጓዴ ሻይ ከሁሉ ይልቅ የተወራለት ነው። ካቴኪን የተባሉ ንጥረ ነገሮችና ካፌይን አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1999 በጄኔቭ በ10 ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ከአረንጓዴ ሻይ የተጨመቀው ውሁድ በ24 ሰዓት የሚቃጠለውን ጉልበት በ4 በመቶ ገደማ ጨመረ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ከዚያም ብልቃጦቹ ተከተሉ። በ2012 ግን ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየመረመረ የሚመዝን ተቋም ማስረጃውን ሁሉ ሰብስቦ ሲያየው የተገኘው የክብደት ቅናሽ ትንሽ፣ ለጤናም ፋይዳው የማይጎላ ሆነ። በውሽውሽና በጉማሮ የሚመረተው የእኛው ጥቁር ሻይ ከዚያው ተክል ነው፤ ሲዘጋጅ ካቴኪኖቹ ወደ ሌላ ዓይነት ፖሊፌኖል ይለወጣሉ እንጂ አይጠፉም። ሁለቱንም ሻዮች የሚያበላሻቸው ስኳሩ ነው። በአንድ ስኒ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 4 ስኒ ቢጠጡ ወደ 190 ካሎሪ ያህል በሻይ ስም ይገባል። ቡናችንም ክሎሮጄኒክ አሲድ በተባለ ፖሊፌኖል የታወቀ ነው፤ ፍርዱ ግን ከሻዩ አይለይም።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብግነትን ይቀንሳል፤ የስብ ሕዋሳትንም እድገት ይገታል። ችግሩ ከእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑና እርሱም ከአንጀት ወደ ደም እጅግ በጥቂቱ መግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ፒፐሪን ሲታከልበት ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ እንደሚያድግ አሳየ። በወጣችን እርድና ቁንዶ በርበሬ ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው፤ እናቶቻችን ይህን በቤተ ሙከራ ሳይሆን በጣዕም አግኝተውታል። በክኒን መልክ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው የኩርኩሚን ክኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው መታወኩ እ.ኤ.አ. በ2019 በጣሊያን ተመዝግቧል።

ከአይጥ ወደ ሰው ስንሻገር ምን ያህል እንደምንጎድል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በቀይ ወይን ፍሬ ልጣጭ ውስጥ ሬስቬራትሮል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቅባት የበዛበት ምግብ የሚበሉ አይጦች ይህን ሲወስዱ ጤናቸው መሻሻሉና ዕድሜያቸው መርዘሙ ታየ። ወዲያው «የወይን ጠጅ ያከሳል» የሚል ወሬ ተነሣ። ሰው ያንኑ መጠን በወይን ጠጅ ላግኝ ቢል በቀን ብዙ መቶ ሊትር መጠጣት አለበት። ስለዚህ በዚህ ሰበብ ብርጭቆ ማንሣት የሚፈልግ ካለ ሒሳቡ አያግዘውም። ኋላም በ2013 ለወፍራም ወንዶች በቀን 1500 ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ተሰጥቶ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

ስሙ የማይወራለት አሰር

እስካሁን የጠቀስናቸው ሁሉ ዝነኞች ናቸው። ከዕፅዋት ሁሉ ክብደትን ለመቆጣጠር ይበልጥ የሚታመነው ግን ዝና የሌለው፣ በተለምዶ ፋይበር የምንለው አሰር ነው። ምናልባት ብልቃጥ ውስጥ ለመሸጥ ስለማይመች ይሆናል።

አብሽን በውኃ ዘፍዝፈው ሲመቱት እንደ ሙጫ የሚዝለገለገውን ያውቁታል። ያ መዝለግለግ ጋላክቶማናን የተባለ አሰር ነው። ጨጓራ ውስጥም እንደዚያው ይሆናል፤ ምግቡን ያወፍረዋል፣ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ስኳሩም ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 18 ወፍራም ሰዎች ከቁርሳቸው ጋር 8 ግራም የአብሽ አሰር ሲወስዱ የጥጋብ ስሜታቸው ጨምሯል። በእኛ አገር አብሽን አንዱ ለመወፈር፣ ሌላው ለመክሳት ይጠጣዋል፤ ይህን ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ሁለቱም ግን እውነት አላቸው፤ በማርና በወተት ከተመታ ያወፍራል፣ በውኃ ብቻ ከሆነ ያጠግባል።

ገብስ ደግሞ ቤታ ግሉካን አለው። የስንዴ አሰር በአብዛኛው በገለባው ላይ ስለሚገኝ ሲፈተግ ይጠፋል፤ የገብስ ቤታ ግሉካን ግን በፍሬው ሁሉ የተሰራጨ በመሆኑ ቢፈተግም ብዙው ይቀራል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ተቀብሎታል። ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ የድሮ ስንቆቻችን ናቸው፤ የገንፎውን ቅቤ ግን እዚህ አልቆጠርኩም። ጤፍም ከደቃቅነቱ የተነሣ ልጣጩ ስለማይለይ ሙሉውን ይበላል። ተልባ እንደ አብሽ ይዝለገለጋል፤ ካልተፈጨ ግን ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል። ቅባትም ስላለው በማንኪያ እንጂ በጆግ አይሁን።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ያልተፈጨው አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ በምላሹም ትናንሽ ቅባታማ አሲዶች ይሠራሉ። እነዚህ አሲዶች የአንጀት ግድግዳ ጂኤልፒ 1 የተባለ ሆርሞን እንዲያመነጭ ያነሣሡታል፤ ይህም ሆርሞን ለአንጎል «ጠግቤአለሁ» ይላል። ዛሬ በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ የዚሁ ሆርሞን አምሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት መርፌውን የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። ምስርና ገብስ ይህን ያህል ይሠራሉ ብዬ አላታልልዎትም፤ በሩን የሚያንኳኩት ግን ያው ነው፣ በቀስታ ቢሆንም።

በቀስታ ስል ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የ21 ጥናቶች ውጤት በአንድ ላይ ሲታይ፣ በቀን 130 ግራም ያህል የበሰለ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ ወይም አተር የበሉ ሰዎች በ6 ሳምንት ወደ ሩብ ኪሎ አለፍ ያለ፣ በትክክል 340 ግራም፣ ቀንሰዋል። ይህ «በ30 ቀን 10 ኪሎ» ከሚለው ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል። ልዩነቱ ይኼኛው እውነት መሆኑ ነው፤ ደግሞም ሽሮው ለብቻው የሚገዛ መድኃኒት ሳይሆን ለማንኛውም የምንበላው ምሳ ነው። እኛ ወንጌላውያን በጾም ወራት ደንብ ባንያዝም በያይነቱን የማይወድ ከመካከላችን የለም። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ክኩና ሰላጣው በአንድ ትሪ ላይ ሲሰለፉ አሰሩም ፖሊፌኖሉም አብረው ይቀርባሉ።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ለክብደት መቀነሻ የሚጠቅሱ ወገኖች አጋጥመውኛል። እስቲ መልሰው ያንብቡት፤ ጥራጥሬ የበሉት ወጣቶች ከ10 ቀን በኋላ የታዩት ከስተው ሳይሆን ከሌሎቹ ይልቅ ሥጋቸው ሞልቶ ነው! ታሪኩ የተጻፈው ስለ ታማኝነት እንጂ ስለ ወገብ መጠን አይደለም።

ስለ ሙሉ ምግብ ካነሣን አይቀር ሁለት ጥናቶች ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሰዎች ፖምን ሙሉውን፣ ተፈጭቶና ተጨምቆ እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። ጭማቂው ከፍሬው በ11 እጥፍ ፈጥኖ አለቀ፤ ያጠገበውም ከሁሉ ያነሰ ነበር። ስኳር የተጨመረበትን የጁስ ቤት ስፕሪስ እዚህ ላይ ያስቡ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆል በአሜሪካ ያካሄደው ነው። 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ 900 ግራም ገደማም ወፈሩ። በሌላው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ከሱ። የታሸገ ብስኩት፣ ኬክና ለስላሳ በየሱቁ በበዛበት በዚህ ጊዜ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በቅጠል ስም የደረሰ ጉዳት

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስለቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅዋት ያሉበት ክኒን ይሰጥ ነበር። አንዱ ሥር በስም መመሳሰል በሌላ ተተካ፤ የተተካው አሪስቶሎኪያ የተባለ መርዛማ ተክል ነበር። ነገሩ በ1993 ይፋ ሲወጣ ኩላሊታቸው የደከመ ወጣት ሴቶች ተገኙ፤ ቁጥራቸውም ውሎ አድሮ ከ100 አለፈ። ብዙዎቹ እድሜ ልክ በማሽን የሚታጠቡ ወይም ኩላሊት የሚተከልላቸው ሆኑ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሽንት መስመር ካንሰር የተያዙ ነበሩ። እነዚህ እህቶች የፈለጉት ጥቂት ኪሎ መቀነስ ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። ኤፌድራ የተባለው ተክል በማክሻነት ይሸጥ ነበር፤ ልብንና የደም ግፊትን ስለሚያውክ አሜሪካ በ2004 ከለከለችው። ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ዕፅ ብቻ» ተብለው በሚሸጡ ሻዮችና ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ብልቃጡን ሲጀምሩ ልብዎ ከመታ፣ አፍዎ ከደረቀና እንቅልፍ ካጡ፣ የሚሠራው ቅጠሉ ላይሆን ይችላል። አረንጓዴ ሻይን በስኒ መጠጣት አያሰጋም፤ ተጨምቆ በክኒን ሲሆን ግን የአውሮፓው ባለሥልጣን በ2018 በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ካቴኪን ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል። ጋርሲኒያ የተባለው ተወዳጅ ማክሻ ደግሞ በ1998 በ135 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተፈትኖ ከባዶው ክኒን ሳይሻል ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ ግን ይሸጣል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አብሽን በብዛት ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስኳሩን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ደግሞ ጎመንን ድንገት አያብዙ፣ ድንገትም አይተዉ፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይለውጠዋል። ነፍሰ ጡር እህት ክብደት የመቀነስ ጉዳይን ከወሊድ በኋላ ታቆየው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከእውነተኛ ቅጠል የተነሣ እውነተኛ መድኃኒት አለ። ጋሌጋ የሚባል፣ በአውሮፓ ሜዳ የሚበቅልና ከብት ሲበዛበት የሚመርዝ ተክል አለ። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ለተመራማሪዎች መንገድ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ከዚያው ወገን የሆነውን ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን አሳተመ። ዛሬ በአገራችን ስንት ቤት ይህ ክኒን እንዳለ ያውቃሉ። ስኳርን ይቀንሳል፤ ክብደትንም ጥቂት ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ በታተመ ታላቅ ጥናት፣ ክብደታቸው ያለፈና ወደ ስኳር በሽታ የሚያዘነብሉ 3,234 ሰዎች ተከፋፈሉ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ ቀነሰ። ሌሎቹ ክኒን አልወሰዱም፤ ምግባቸውን አስተካክለው፣ በሳምንት 150 ደቂቃ በእግራቸው እየሄዱ፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ ታገዙ። የእነርሱ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ለ82 ኪሎዋ እህት 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው። ቀጭን መሆን አልተጠበቀባቸውም።

ድስቱ የሁለታችሁ ነው

ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ በታች ያለውን በአንድ ላይ አንብቡት። በብዙ ቤት አንዷ ስትቀንስ ሌላው አይቀንስም። እርሷ ሰላጣዋን ለብቻዋ ትበላለች፤ እርሱ በመሶቡ ማዶ ቅቤ የጠጣ ወጥ ይዞ «ነይ እንጂ፣ አንድ ቀን ምን አላት» ይላል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ መጠኑን ደግሞ የሚያውቀው አጉራሹ ብቻ ነው። በአንድ መሶብ በሚበላ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የምግብ ለውጥ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ለውጡ ከድስቱ ይጀምር። ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ ስትቆጥሩት ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ። ሽንኩርቱ በራሱ ውኃና በጥቂት ሙቅ ውኃ ሊቁላላ ይችላል፤ ንጥር ቅቤው በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ጠብ ቢል መዓዛው ከድሮው አያንስም። ከመሶቡ ግማሹን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይያዘው። እንጀራው ይታጠፍና መጠኑ ይታወቅ፤ እየተቆረሰ ማለቂያ የሌለው አይሁን። ለስላሳው በአንድ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል፤ ከቤት ውስጥ ቢጠፋ ልጆቹ ሳምንት ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይረሱታል።

ባል ሆይ፣ «ዛሬ ወጡ ምነው ቀለለ?» ከማለትዎ በፊት ማን ብላ እንዳለችው ያስታውሱ። ምሳውን በየቀኑ ከቢሮ ጓደኞቹ ጋር ጥብስና ክትፎ እየበላ ማታ ቤት መጥቶ «እኔ እኮ ብዙ አልበላም» የሚል አባወራ የቤቱን ድካም ያፈርሳል። ሚስትም ብትሆኑ ሚዛኑን በየማለዳው የፍርድ ወንበር አታድርጉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ከእራት በኋላ ለ30 ደቂቃ አብራችሁ በእግር ውጡ። በሳምንት 5 ቀን ብትወጡ ያ 150 ደቂቃ ነው፤ ደግሞም ብዙ ባለትዳሮች ያለ ስልክና ያለ ልጆች የሚያወሩበት ብቸኛ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቁም ሣጥን ውስጥ ስላለው ነገር የምትነጋገሩትም እዚያ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ በመንገድ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚነገር ነገር ፊት ለፊት ከሚነገረው ይቀላል።

አንድ ነገር ለሽማግሌዎችና ለመስተንግዶ አገልጋዮች ልጨምር። ከጉባኤ በኋላ፣ በየቤቱ ኅብረት፣ በጸሎት ሌሊት የምናቀርበው ነገር ቦምቦሊኖ፣ ኬክ፣ ብስኩትና ከጀበናው ሳይቀር ስኳር የገባበት ሻይ ሆኗል። በዚያው ገንዘብ የገብስ ቆሎ ከጥቂት ሽምብራ ጋር፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ሙዝና ብርቱካን መግዛት ይቻላል። ስኳሩ ለብቻው በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ የፈለገ ራሱ ይጨምር። ቆሎው ውስጥ ለውዝና ሱፍ ሲበዛ ቅባቱም ስለሚበዛ አንድ እፍኝ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ትሪው ደግሞ በተናጋሪው ፊት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ፊት ይዙር።